13 ጨዋታ፣ 13 ሽንፈት፦ ስለ ዌስት ፖይንት የ2003 የፉትቦል ቡድን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ የአርሚና የኔቪ፣ ማለትም የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ አካዳሚዎች፣ ጨዋታ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ በዋሽንግተንና በባልቲሞር ዙሪያ ባለ ሐበሻ ቤትም ይከፈታል። ልጆቹ ያያሉ፣ ወላጆች ቡና እየጠጡ አልፎ አልፎ ቀና ይላሉ። ያን ጊዜ «እነዚህ ወታደሮች አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፉ ቀሩ የሚባለው እውነት ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። ጥያቄው በየዓመቱ ስለሚመለስ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።

የትኛው እግር ኳስ ነው?

እግር እምብዛም የማይነካው። ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ተጫዋቹ የራስ ቁር የሚደፋበት፣ አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ ነው። 11 ለ11 ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ያስረክባል። ኳሱን ይዞ እስከ ባላጋራው የሜዳ ጫፍ የዘለቀ ተችዳውን ያገኛል፣ 6 ነጥብ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል።

ዌስት ፖይንት ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ የጦር ካምፕ?

ሁለቱንም ነው። በ1802 የተመሠረተ፣ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሃድሰን ወንዝ ዳር የተቀመጠ የአሜሪካ ምድር ጦር አካዳሚ ነው። በእኛ አገር የሐረር ጦር አካዳሚ ወይም ሆለታ ሲባል የሚታሰበው ዓይነት፣ መኮንን የሚወጣበት ቤት ማለት ነው። እጩ መኮንኑ፣ ካዴት የሚባለው፣ 4 ዓመት ተምሮ በዲግሪ ይመረቃል፣ በዚያው ቀን ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል። የትምህርት ክፍያ የለም፤ እንዲያውም የወር አበል ይሰጠዋል። ዕዳውን የሚከፍለው በአገልግሎት ነው፦ 5 ዓመት በመደበኛው ጦር፣ ቀጥሎ 3 ዓመት በተጠባባቂነት።

በስፖርቱ ዓለም ቡድኑ «አርሚ» ይባላል። የባሕር ኃይሉ አካዳሚ «ኔቪ» ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ አናፖሊስ ይገኛል። የአየር ኃይሉ ደግሞ ኮሎራዶ ነው። ሦስቱ በየዓመቱ እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ፤ ከ1972 ጀምሮም ለአሸናፊው በጠቅላይ አዛዡ፣ ማለትም በፕሬዚዳንቱ ማዕረግ የተሰየመ ዋንጫ አለ።

በ2003 በትክክል የሆነው ምንድን ነው?

አርሚ 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም ተሸነፈ። በከፍተኛው የኮሌጅ ፉትቦል እርከን በአንድ የውድድር ዘመን 0 ለ13፣ ማለትም በ0 ድልና በ13 ሽንፈት፣ የወጣ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ።

በእኛ አቆጣጠር ነገሩ የተጀመረው ጳጉሜን 1 ቀን 1995 ነው፤ አዲስ ዓመት ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ኮነቲከት አርሚ ሜዳ ድረስ መጥቶ 48 ለ21 አሸነፈ። ያበቃው ኅዳር 26 ቀን 1996 ፊላዴልፊያ ላይ፣ በኔቪ 34 ለ6። በመካከሉ ሁለት ጊዜ አንዲት ነጥብ ሳያገኙ ወጥተዋል፦ በሳውዝ ፍሎሪዳ 28 ለ0፣ በሳምንቱ በቲሲዩ (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) 27 ለ0። ሀዋይ ድረስ በረው 59 ለ28 ተሸንፈው ተመልሰዋል። ለድል በጣም የቀረቡበት የሲንሲናቲው ጨዋታ ነበር፣ 33 ለ29። በአራት ነጥብ ብቻ አመለጣቸው።

ሌሎች 12 ሲጫወቱ እነሱ ለምን 13 ተጫወቱ?

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይስቃሉ፤ እኔም የሰማሁ ዕለት ስቄያለሁ። የኮሌጅ ስፖርቱ ደንብ ሀዋይ ሄዶ የሚጫወት ቡድን በዓመቱ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ደሴቲቱ ሩቅ ስለሆነች፣ የጉዞው ወጪም ብዙ ስለሆነ ለሚሄዱት የተሰጠ ማካካሻ ነው። አርሚ በዚያ ዓመት ሀዋይ ነበረበት፤ በማካካሻው አሥራ ሦስተኛ ጨዋታ ያዘ፣ በዚያው አሥራ ሦስተኛ ሽንፈት አገኘ። ሀዋይ ባይሄዱ ኖሮ 0 ለ12 ከሚባሉት ቡድኖች ጋር ተደምረው ይረሱ ነበር።

ቡድኑ ድሮም ደካማ ነበር?

ኧረ በፍጹም። በ1944፣ በ1945 እና በ1946 በተከታታይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ተብሎ የተሰየመ ቡድን ነው። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ዋንጫ ሦስት ካዴቶች ወስደዋል፦ ዶክ ብላንቻርድ በ1945፣ ግሌን ዴቪስ በ1946፣ ፒት ዶውኪንስ በ1958።

የቡድኑ መለያ እንስሳ በቅሎ ነው። እኔም የአርሚ ደጋፊ ሲሸነፍ ሁልጊዜ ስለ 1945 ማውራት ሲጀምር የሚመጣብኝ ያው የታወቀው ተረት ነው፦ በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ። በ2003 ያ የፈረስ ዘመን 50 ዓመት አልፎት ነበር። ሻምፒዮን በነበሩበት ጊዜ ጦርነት ስለነበር ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ወደ ወታደር ቤት ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ፉትቦል ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ሙያ ሆነ፣ ግዙፍና ፈጣን ልጅም አምስት ዓመት የሚያስገድደውን ትምህርት ቤት መሸሽ ጀመረ።

ስለዚህ ትክክለኛው ማነጻጸሪያ 1945 አይደለም። 1996 ነው። በዚያ ዓመት፣ ከዚህ ውድቀት ሰባት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ አርሚ 10 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፎ ነበር። ጥያቄ መሆን ያለበት በነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ ምን ተለወጠ የሚለው ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ?

ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ሊጉ ነው። አርሚ ከመቶ ዓመት በላይ በየትኛውም ኮንፈረንስ ሳይታቀፍ፣ የሚጋጠመውን ራሱ እየመረጠ ኖሯል። አንድ ሳምንት ከባድ፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ፣ ከዚያ እኩያው። በ1998 ኮንፈረንስ ዩኤስኤ የተባለው ሊግ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሉዊቪል፣ ቲሲዩ፣ ሳውዝ ፍሎሪዳ እያለ መሰለፍ ግድ ሆነ። ቲሲዩ ለምሳሌ በዚያው 2003 ከ13 ጨዋታ 11 ያሸነፈ ቡድን ነው።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ዋናው፣ አጨዋወቱ ነው። በ1999 መጨረሻ አሰልጣኝ ቦብ ሰተን ተሰናበቱ፤ በምትካቸው ከኢሊኖይ ስቴት ቶድ ቤሪ መጡ። ቤሪ እዚያ ቡድናቸውን በአንድ እርከን ዝቅ ባለው ውድድር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ያደረሱ፣ ኳስ በአየር በማቀበል የታወቁ ሰው ነበሩ። ዌስት ፖይንት ሲገቡ ቡድኑ ከ1984 ጀምሮ የኖረበትን የሩጫ አጨዋወት ጥለው የራሳቸውን ተከሉ።

በአየር የሚቀበል አጨዋወት ምን ይጠይቃል? ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ተጫዋች፣ ቆሞ እስኪያይ ድረስ ከ130 ኪሎ በላይ የሆኑ ተከላካዮችን ገትረው የሚይዙ እኩያ ግዙፎች፣ ሮጠው የሚያመልጡ ተቀባዮች። እነዚህ ደግሞ ዌስት ፖይንት የሌሉት ሰዎች ናቸው። ካዴት ሲመረቅ የጦሩን የክብደት ልክ ማሟላት አለበት። በመጨረሻው ዓመት ላይ ያሉ ግዙፎቹ ተሰላፊዎች የመጨረሻው ጨዋታ እንዳበቃ ኪሎ ለመቀነስ መሮጥ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ሌሎች ኮሌጆች ልጁን አንድ ዓመት ሳያጫውቱ አቆይተው ያደልቡታል፤ እዚህ 4 ዓመት 4 ዓመት ነው። ከሌላ ኮሌጅ የተዘዋወረ ተጫዋች ልምጣ ቢል እንኳ ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል። ቤሪ ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው ያመጡት፤ ልብሱ ጥሩ ነበር፣ ልኩ ግን የእነዚህ ልጆች አልነበረም።

ሰውየው ሥራቸውን አያውቁም ለማለት አይደለም። ከዓመታት በኋላ በ2012 የሉዊዚያና ሞንሮን ትንሽ ቡድን ይዘው በአገሪቱ 8ኛ ደረጃ ላይ የነበረውን አርካንሶን በተጨማሪ ሰዓት 34 ለ31 አሸንፈዋል። የሚሆንላቸው ዓይነት ተጫዋች ሲያገኙ ይችሉበታል።

የሩጫ አጨዋወቱ፣ ትሪፕል ኦፕሽን የሚባለው፣ ምንድን ነው?

ትንሹ ትልቁን የሚጥልበት ዘዴ ነው። ተራው ቡድን ለእያንዳንዱ ተከላካይ አንድ ገፊ ይመድባል፤ የገፋ ያሸንፋል። በዚህኛው ግን ከባላጋራው ወገን አንድ ሰው ሆን ተብሎ ማንም ሳይነካው ይተዋል። ብዙውን ጊዜ ትልቁና ኃይለኛው ሰውዬ ነው። ኳርተርባኩ እሱን ያየዋል። ሰውዬው ወደ ውስጥ ከገባ ኳሱን ራሱ ይዞ በጎን ይወጣል፤ ባለበት ከቆመ በመሐል ለሚሮጠው ጓደኛው ይሰጣል፤ ወደ ራሱ ከመጣበት ደግሞ ከጎኑ ለሚከተለው ሦስተኛ ሰው ይወረውርለታል። ምርጫው ሦስት ነው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሰውዬው የቱንም ቢያደርግ ተሳስቷል። 140 ኪሎ መሆኑ አይረዳውም፤ የሚያጋጥመው የለማ።

ሌላም ጥቅም አለው። በሩጫ ሲኬድ ሰዓቱ አይቆምም። ኳሱን ስምንትና ዘጠኝ ደቂቃ ይዞ የሚጓዝ ቡድን ካለ የባላጋራው ኮከብ ተጫዋቾች ዳር ቁጭ ብለው ያያሉ። ደግሞ የሚጠይቀው ዲሲፕሊንን፣ አንድን ነገር ሺ ጊዜ መለማመድን ነው፤ ይህ በዌስት ፖይንት ሞልቷል።

ነገሩን የሚያስቆጨው አካዳሚው ይህን መድኃኒት አንድ ጊዜ አግኝቶት የነበረ መሆኑ ነው። በ1983 ጂም ያንግ የተባሉት አሰልጣኝ በመጀመሪያ ዓመታቸው 2 አሸንፈው 9 ተሸነፉ። በበጋው ዊሽቦን የሚባለውን የዚህኑ አጨዋወት ዓይነት አስገቡ። በ1984 ያው ትምህርት ቤት፣ ብዙዎቹም ያው ልጆች፣ 8 አሸንፈው በ3 ተሸነፉ፣ 1 አቻ ወጡ። 16 ዓመት የሠራን መድኃኒት ሐኪም ሲቀየር አብሮ መጣል ምን ይሉታል?

የኢራቅ ጦርነት አይደለም እንዴ ምክንያቱ?

ይህ ከሁሉ ይበልጥ የሚነሳ መልስ ነው፤ ጨርሶ ባዶም አይደለም። ጦርነቱ የተጀመረው በመጋቢት 2003 ነው፣ አፍጋኒስታን ቀድሞ ነበር። እናት ሆና «ልጅሽን ለዌስት ፖይንት ስጪን» የሚል አሰልጣኝ ሳሎኗ ሲቀመጥ የምትጠይቀው ስለ ፉትቦል አይደለም። ምልመላው ከብዷል፣ ጥርጥር የለውም።

ግን አንድ ነገር እንይ። አናፖሊስም የሚያወጣው መኮንን ነው። አምስት ዓመት፣ የክብደት ልክ፣ ጦርነቱ ሁሉ አለበት። ኔቪ ደግሞ በ2001 ከአርሚ ያላነሰ ውርደት አይቷል፤ 10 ጨዋታ ተጫውቶ 10ሩንም ተሸንፏል፣ የመጨረሻውን በዚያ ዓመት ራሱ ደካማ በነበረው አርሚ 26 ለ17። ያን ጊዜ ፖል ጆንሰንን አመጡ። ጆንሰን ትሪፕል ኦፕሽንን መለሱ። የመጀመሪያው ዓመት 2 ለ10 ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት፣ በዚያው በ2003፣ 8 አሸንፈው 5 ተሸነፉና የጠቅላይ አዛዡን ዋንጫ ወሰዱ። አየር ኃይልም በዚያው ዓመት ያንኑ የሩጫ አጨዋወት ይዞ 7 ለ5 ወጥቷል።

ሦስት አካዳሚ፣ አንድ ጦርነት። ሁለቱ ከሩጫው ጋር ነበሩ፤ አንዱ ጥሎት ነበር። አየር ኃይል በሊግ የታቀፈ ቡድን ስለነበረ ሊጉ ብቻውን ጥፋተኛ ነው ማለትም አይቻልም። ከዚህ በላይ ግልጽ ንጽጽር የት ይገኛል?

አሰልጣኙን በመሐል ማባረሩ ጠቀመ?

ቤሪ ከስድስተኛው ሽንፈት፣ ከሉዊቪሉ 34 ለ10 በኋላ ተሰናበቱ። በአራት ዓመት ያልሞላ ቆይታቸው 5 አሸንፈው 35 ተሸንፈዋል። የመከላከል ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ጆን ማምፎርድ በጊዜያዊነት ተተኩ፤ የቀሩትን 7 ጨዋታዎችም ተሸነፉ።

ውጤቱ አልተለወጠም፤ ጨዋታው ግን ትንሽ ተለውጦ ነበር። ከስንብቱ በኋላ ባሉት ሁለት ጨዋታዎች ልጆቹ በ6 ነጥብና በ4 ነጥብ ነው የተሸነፉት። ከዚያ ወዲያ እንደገና ወረዱ። በውድድር መሐል አዲስ አጨዋወት መትከል አይቻልም፤ ጊዜያዊ አሰልጣኝ የሚሰጠው ንዴት ነው፣ ንዴት ደግሞ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

የኢስት ካሮላይናው ሽንፈት ለምን ለብቻው ይነሳል?

ኢስት ካሮላይና በዚያ ዓመት ከ12 ጨዋታ 11ዱን የተሸነፈ ቡድን ስለሆነ። ያሸነፋት አንዲቷ አርሚ ናት፣ 38 ለ32። ሁለት የተራቡ ሰዎች አንድ ቁራሽ ላይ ሲጣሉ እንደማየት ነው፤ አርሚ ያቺንም አጣ።

ልጆቹ ለምን ትተው አልሄዱም?

ይህ ለእኔ ከነጥቡ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ነው። በዌስት ፖይንት ደንብ ካዴት ሦስተኛ ዓመቱን ከመጀመሩ በፊት «በቃኝ» ቢል ምንም ዕዳ የለበትም። ሦስተኛ ዓመት ሲጀምር ግን በፊርማና በመሐላ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ወዲያ መውጣት ዋጋ አለው።

አሁን የ2003ቱን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አስቡ። የገቡት በ2000 ክረምት፣ በሰላም ጊዜ ነው። ያኔ ዌስት ፖይንት ማለት ነጻ ትምህርትና የከበረ ስም ነበር። ሁለተኛ ዓመት በጀመሩ በሳምንታት ውስጥ የመስከረም 11ዱ ጥቃት ደረሰ። በ2002 ክረምት መጨረሻ መሐላው መጣ፤ ጦርነት እንደሚጠብቃቸው እያወቁ፣ ቡድናቸውም የት እንዳለ እያወቁ ፈረሙ። የአራት ዓመታቸው ውጤት ሲደመር፦ 1 ለ10፣ 3 ለ8፣ 1 ለ11፣ 0 ለ13። በአጠቃላይ 5 ድል፣ 42 ሽንፈት። በ2004 ተመረቁ።

ጀግንነት ነው ብዬ ላጋንን አልፈልግም፤ 20 ዓመት ያልሞላው ወይም ገና የሞላው ልጅ ጓደኞቹ ስላሉ ብቻም ይቆያል። ቅዳሜ በ30 ነጥብ ተሸንፎ ሰኞ ጠዋት በሰልፍ መቆም፣ የሒሳብ ፈተና መፈተን፣ ጫማ መወልወል ግን ቀላል አይደለም። በሌላ ኮሌጅ የተሸነፈ ኮከብ ተጫዋች ክፍል ባይገባ የሚናገረው አይኖርም።

ከኔቪ ጋር የተደረገው ጨዋታ እንዴት አለቀ?

34 ለ6 አልቋል ካልኩ ያው ነው። ሊታይ የሚገባው ግን ከፊሽካው በኋላ ያለው ሥርዓት ነው። የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች አንድ ላይ ሆነው መጀመሪያ ወደ ተሸናፊው ትምህርት ቤት ካዴቶች ይሄዳሉ፣ የእነሱ መዝሙር ይዘመራል፤ ቀጥሎ ወደ አሸናፊው ሄደው የእሱ ይዘመራል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በሁለቱም ትምህርት ቤት የሚመኙት «ሁለተኛ መዘመር» ነው። በ1890 ኔቪ 24 ለ0 ባሸነፈበት ግጥሚያ የተጀመረ ፉክክር ነው፤ ተሸናፊውን ብቻውን ትቶ መሄድ ነውር ነው።

አርሚ ከ2002 ጀምሮ እስከ 2015 ድረስ 14 ዓመት በተከታታይ መጀመሪያ ዘምሯል።

ያ ሰንሰለት መቼ ተበጠሰ?

የጠቅላላው ሽንፈት ሰንሰለት በጥቅምት 9 ቀን 2004 ነው። የ2002 የመጨረሻ ሁለት ጨዋታዎች፣ የ2003 አሥራ ሦስቱ፣ የ2004 የመጀመሪያ አራት፤ ተደምሮ 19 ተከታታይ ሽንፈት። ከዚያ ሲንሲናቲን፣ ያቺን በአራት ነጥብ ያመለጠቻቸውን፣ 48 ለ29 አሸነፉ። በሳምንቱ ሳውዝ ፍሎሪዳንም 42 ለ35 ደገሙ።

አሰልጣኙ ቦቢ ሮስ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ 70 እየተጠጋ፣ ጡረታ ወጥተው ነው የተጠሩት። ጆርጂያ ቴክን በ1990 የሻምፒዮንነቱ ተጋሪ ያደረጉ፣ ሳን ዲዬጎ ቻርጀርስን እስከ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም እስከ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ፍጻሜ፣ ያደረሱ ስመ ጥር ሰው ናቸው። ያም ሆኖ በሦስት ዓመት 9 አሸንፈው 25 ተሸነፉ። ትልቅ ስም ብቻውን እንደማይሠራ ታየ። ከሊጉም ቡድኑ ከ2004 በኋላ ወጣ።

አሁንስ ቡድኑ እንዴት ነው?

ሌላ ቡድን ነው። በ2014 ጄፍ ሞንከን መጡ፤ በፖል ጆንሰን ሥር የሠሩ፣ ትሪፕል ኦፕሽንን አብጠርጥረው የሚያውቁ ናቸው። በ2016 ኔቪን 21 ለ17 አሸንፈው የ14 ዓመቱን ሰንሰለት በጠሱ። በ2018 የነበራቸው ውጤት 11 ለ2 ነው። በ2024 እንደገና ሊግ ውስጥ ገቡ፣ ያኔ አሜሪካን አትሌቲክ ይባል በነበረው፤ በገቡበት ዓመት ቱሌንን 35 ለ14 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ፣ ዓመቱንም 12 ለ2 ጨረሱ። 12 ድል በአካዳሚው ታሪክ ትልቁ ነው። በነገራችን ላይ ከሁለቱ ሽንፈት አንዱ ከኔቪ ነው፣ 31 ለ13። በቅሎዋ አሁንም ስለ እናቷ የምታወራበት ቀን አላት።

ተጫዋቾቹ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ መሄድ ይችላሉ?

ደንቡ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በ2008 ኬለብ ካምቤል የተባለው የአርሚ ተከላካይ በዲትሮይት ላየንስ ተመርጦ፣ ልምምድ ሊጀምር ሲል ጦሩ ፖሊሲውን ለወጠና መጀመሪያ እንዲያገለግል ታዘዘ። በሌላ በኩል አሌሃንድሮ ቪላኑዌቫ ተመርቆ አፍጋኒስታን ሦስት ጊዜ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ በፒትስበርግ ስቲለርስ ለዓመታት ተሰልፏል። ልጁ ዌስት ፖይንት የሚገባው ለፕሮፌሽናል ፉትቦል ብሎ ከሆነ ግን በር ተሳስቷል።

ልጃችን እዚህ አሜሪካ ሃይስኩል ፉትቦል ይጫወታል፤ መግባት ይችላል?

ይህን የሚጠይቁ ወላጆች እየበዙ ነው። የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ለሴቶችም ክፍት ነው። በሚገባበት ዓመት ሐምሌ 1 ላይ 17 ዓመት የሞላው፣ 23 ያልሞላው፣ ያላገባ መሆን አለበት። ከውጤቱ ሌላ ጥቆማ ያስፈልጋል፦ ብዙውን ጊዜ በሚኖርበት አካባቢ ከተመረጠ የምክር ቤት አባል ወይም ሴናተር። የማመልከቻው ሥራ ከ12ኛ ክፍል በፊት፣ 11ኛ ክፍል እያለ ቢጀመር ይመረጣል። የስፖርት አሰልጣኞቹ የፈለጉት ልጅ ውጤቱ ትንሽ ካነሰ በአካዳሚው የመሰናዶ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ተጫዋቾች በዚህ መንገድ ነው የገቡት።

እናቶች ቀጥለው የሚጠይቁትን አውቀዋለሁ። አዎ፣ ሲመረቅ ጦሩ ወደላከው ይሄዳል።

ጨዋታውን ሄዶ ማየት ይቻላል?

ይቻላል። የአርሚ ሜዳ ሚኪ ስታዲየም ይባላል፣ በ1924 የተከፈተ፣ ከኮረብታው ላይ ውኃና ደን የሚታይበት ነው። ከጨዋታው በፊት ካዴቶቹ በትልቁ የሰልፍ ሜዳ ላይ ሰልፍ ያሳያሉ፤ ቀድሞ መድረስ ያዋጣል። የጦር ግቢ ስለሆነ በሩ ላይ ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ ያስፈልጋል። ከጥቅምት በኋላ ከሃድሰን የሚነሳው ነፋስ አጥንት ድረስ ይገባልና ጋቢ ቢይዙ አያፍሩ።